በቫዮሊንና በድምፅ ብቻ የመጀመሪያ አልበም ማዘጋጀት፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚኖር ሙዚቀኛ

የቫዮሊን ዝቅተኛ ድምፅ፣ ማለትም ባዶው የሶል ክር፣ በሴኮንድ 196 ጊዜ ይርገበገባል። አንዲት ድምፃዊት ሳትጨነቅ የምታዜምበት ክልልም ከዚያው አካባቢ ተነሥቶ ወደ ላይ ስለሚሄድ፣ ቫዮሊኑና ጉሮሮዋ አንድ ቦታ ይሻማሉ። ወንድ ድምፃዊ በከፊል ከቫዮሊኑ በታች ስለሚያዜም ሽሚያው ይቀልለታል እንጂ ጨርሶ አይቀርለትም። በእነዚህ በሁለቱ ብቻ አልበም ለመሥራት የተነሣ ሰው ከማይክሮፎንም ሆነ ከስቱዲዮ ኪራይ በፊት ሊያስብበት የሚገባው ነገር ይህ ነው። ከበሮ፣ ቤዝና ኪቦርድ ባለበት ሙዚቃ ውስጥ የሁለቱ መደራረብ ሊሸፈን ይችላል፤ ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን አድማጩ ግጥሙን መስማት ያቅተዋል፣ ቫዮሊኑም ለጆሮው ጭቅጭቅ ይሆንበታል።

መፍትሔው ከአገራችን ሙዚቃ ውጭ የሚፈለግ አይደለም። አዝማሪ ሲዘፍን መሰንቆው ዜማውን ከሥር እየተከተለ ይቆይና፣ ስንኙ ሲያልቅ ፊት ወጥቶ ይመልሳል። አስናቀች ወርቁና ካሳ ተሰማም በክራርና በድምፅ ብቻ አድማጭ ይዘው መቆየት የቻሉት መሣሪያው መቼ ዝም እንደሚል ስለሚያውቁ ጭምር ነው። እኔ ይህንን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ቡራዩ በምኖርበት ቤት መጀመሪያ ከቀረጽኋቸው 9 ዘፈኖች ውስጥ በ6ቱ ቫዮሊኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለ ዕረፍት ይጫወት ስለነበር፣ 6ቱንም እንደ አዲስ ለመሥራት ተገድጃለሁ። ከዚህ በታች የማቀርበው አሠራር ያንን ድካም ለሌላው ለማስቀረት የታሰበ ነው።

ቅኝቱንና መነሻ ድምፁን መምረጥ

ዜማውን ከማውጣትዎ በፊት የሚነሡበትን ድምፅ ይወስኑ። አብዛኛው ሰው ጉሮሮው ደህና በዋለበት ቀን ያወጣውን ዜማ በዚያው ከፍታ ይቀጥልበታል፤ በዚህም ምክንያት ቫዮሊኑ ባዶ ክር በሌለበት ቦታ ላይ ይወድቅና ድምፁ ይታፈናል። ባዶ ክር ማለት በጣት ያልተያዘ ክር ነው። የዜማው ድምፆች ከባዶ ክሮቹ ጋር ሲገጥሙ፣ ደጋኑ ያልነካቸው ክሮች ሳይቀሩ አብረው ስለሚርገበገቡ የመሣሪያው ድምፅ ይከፈታል። ያለ ሌላ አጃቢ ለሚጫወት ሰው ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

የቫዮሊን ክሮች ሶል፣ ሬ፣ ላ እና ሚ መሆናቸውን ይዘን ቅኝቶቻችንን እንመልከት። ትዝታ ሜጀር ከሶል ሲነሣ ድምፆቹ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ እና ሚ ስለሚሆኑ አራቱም ባዶ ክሮች በቅኝቱ ውስጥ ይገኛሉ። ባቲ ማይነር ከላ ሲነሣም ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ እና ሶል ስለሆነ እንደዚሁ አራቱንም ያገኛል። አምባሰል ከሬ ሲነሣ ሬ፣ ዝቅ ያለ ሚ፣ ሶል፣ ላ እና ዝቅ ያለ ሲ ይሆናል፤ ስለዚህ ሦስት ባዶ ክሮች ይኖሩታል፣ የሚ ክር ግን ከቅኝቱ ውጭ ስለሆነ በስሕተት እንዳይነካ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንቺሆዬ ከሁሉም ይልቅ ስስታም ነው፤ ከሬ ቢነሣ ሬና ሶል ብቻ ናቸው የሚገጥሙት። ይህ ማለት ግን አንቺሆዬ ይቅር ማለት አይደለም። ያ የታፈነና የተጨነቀ የሚመስል ድምፁ ለአንዳንድ ግጥም እጅግ የሚስማማ በመሆኑ፣ በአልበሙ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ሆን ተብሎ ቢቀመጥ ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ዘፈኖች ያደምቃቸዋል።

መነሻ ድምፁ ከመሣሪያው ጋር ገጥሞ ለጉሮሮዎ ከከበደ ግን ጉሮሮዎ ይቅደም። እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥም አራቱንም ክሮች በአንድ ድምፅ ዝቅ አድርጎ መቃኘት ይቻላል። ክሩ ስለሚላላ ድምፁ ትንሽ ይለሰልሳል፣ የጣት አያያዙ ግን አይለወጥም። እኔ ሁለት ዘፈኖችን የቀረጽሁት በዚህ መንገድ ሲሆን፣ የለሰለሰው ድምፅ ከግጥሙ ጋር የበለጠ እንደተስማማ ይሰማኛል።

አንድ ሌላ ማሳሰቢያም አለ። ቫዮሊን እንደ መሰንቆ ሁሉ በጣት ቦታው ላይ ወሰን የሌለው በመሆኑ፣ የቅኝቶቻችንን ድምፆች ልምድ ያለው ጆሮ በሚፈልገው ቦታ ላይ በትክክል ማሳረፍ ይችላል፤ ኪቦርድ ግን ይህንን አይችልም። «ትንሽ ኪቦርድ ከሥር ብናስገባበት ይሞላል» የሚል ምክር ከወዳጅም ከአቀናባሪም ይመጣል። ከተቀበሉት ቫዮሊኑም ጉሮሮዎም ለኪቦርዱ ሲሉ ቦታቸውን መልቀቅ ግድ ይሆንባቸዋል። ስለዚህ አለመቀበሉን እመክራለሁ።

ግጥሙ ለደጋኑ ቦታ እንዲተው

በየወል ቤት የተጻፈ ስንኝ እያንዳንዱ መሥመር ስድስት ስድስት ቀለም ሆኖ ለሁለት ስለሚከፈል፣ መካከል ላይ የተፈጥሮ ዕረፍት አለው። የቫዮሊኑ መግቢያ በር ይህ ዕረፍት ነው። ለአብነት ያህል ከራሴ ሥራ አንድ ስንኝ ላቅርብ፦

ገፈርሳ ዳር ቆሜ ስምሽን ስጣራ፣
ውኃው መለሰልኝ ከማዶ ተራራ።

መጀመሪያ ስሠራው ቫዮሊኑ ከድምፄ ጋር አንድ ላይ ዜማውን ይጫወት ነበር፤ ግጥሙ ግን የገደል ማሚቶ ነገር የሚናገር መሆኑን ልብ ያልሁት ቆይቼ ነው። አሁን «ገፈርሳ ዳር ቆሜ» ስል ቫዮሊኑ ዝም ይላል፤ «ስምሽን ስጣራ» ብዬ ስጨርስ የመጨረሻዎቹን ሦስት ድምፆች ብቻ፣ ደጋኑን እምብዛም ሳይጫን፣ አንድ ስምንዮሽ (ኦክታቭ) ከፍ አድርጎ ይመልሳል። «ውኃው መለሰልኝ» በሚለው ላይ ደግሞ ረጅም የሬ ድምፅ ከሥር ይዞ ይቆያል። በአራት ሐረግ ውስጥ ቫዮሊኑ ሦስት ዓይነት ጠባይ አሳየ ማለት ነው፤ ዝም አለ፣ መለሰ፣ ደገፈ። የእያንዳንዱን ዘፈን ግጥም በሰፊ ወረቀት ላይ ጽፈው በየሐረጉ ትይዩ ከእነዚህ ሦስቱ አንዱን ምልክት ቢያደርጉ፣ ሽሚያው የሚፈጠርበትን ቦታ ከቀረጻ በፊት በዓይንዎ ያዩታል። አራተኛው ጠባይ አብሮ መዝፈን ነው፤ እርሱንም በአንድ ዘፈን ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ስሜቱ ጫፍ በሚደርስበት ቦታ ላይ ብቻ እንዲያውሉት እመክራለሁ።

በጣት መምታትንም አይርሱ። ክሩ በደጋን ሳይሆን በጣት ሲመታ ድምፁ ቶሎ ስለሚጠፋ ለቃላት ሰፊ ቦታ ይተዋል፣ ወደ ክራርም ይቀርባል። ለጭክጭካ ምት እንዲህ ያለው አጨዋወት ከደጋን የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የዘፈኖቹ ብዛት ከ7 እስከ 9 ቢሆን ይበቃል። በሁለት ድምፅ ብቻ የተሠራ ሙዚቃ ከ35 ደቂቃ በላይ ሲሄድ ከአድማጩ ብዙ ትኩረት ይጠይቃልና፣ ከዚህ ያለፈውን ለሁለተኛው አልበም ማቆየት አስተዋይነት ነው።

ቤቱንና ሰዓቱን ማዘጋጀት

በዳርቻ የሚኖር ሙዚቀኛ ከመሀል ከተማው ይልቅ ዝምታ አለው ተብሎ ይታሰባል። እውነት አለው፣ ነገር ግን ዝምታው ሰዓት የሚመርጥ ነው። ቡራዩም ይሁን ሱሉልታ፣ ሰበታም ይሁን ለገጣፎ፣ የቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት በክረምት ለቀረጻ አይሆንም። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ዝናቡ በየትኛው ደቂቃ እንደሚጀምር ስለማይታወቅ፣ በጥሩ ስሜት የተጀመረ ዘፈን መሀሉ ላይ በቆርቆሮ ጩኸት ይበላሻል። በበጋም ቢሆን ቆርቆሮው ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲመታው፣ አመሻሹ ላይም ሲቀዘቅዝ ይንጣጣል፤ በጆሮ እምብዛም የማይታወቀው ይህ ድምፅ በማይክሮፎን ውስጥ እንደ ጠጠር ውርወራ ይሰማል። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት መቅረጽ ከሁሉ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው የቆርቆሮው ችግር ባይኖርበትም ከግድግዳ ማዶ ጎረቤት አለውና፣ ሌሊት ቫዮሊን ከመጫወቱ በፊት ፈቃድ መጠየቁ ግዴታው ነው።

የቀረጻ ዕቅድ ሲያወጡ ባሕረ ሐሳቡንም ይመልከቱ። በአቅራቢያ ያለው ቤተ ክርስቲያን በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም ዋዜማ ሌሊቱን ማኅሌት የሚቆምበት ከሆነ፣ እነዚያን ሌሊቶች ለዕረፍት መተው ይሻላል። የመስጊዱም የንጋት አዛን የሚሰማበት ሰዓት የታወቀ ነው። እነዚህ ድምፆች የአካባቢው ሕይወት በመሆናቸው የሚታረመው የእኛ ዕቅድ ነው።

ክፍሉን በተመለከተ ባዶ ግድግዳ ድምፁን እየመለሰ ስለሚያስተጋባ ለስላሳና ወፍራም ነገር ያስፈልገዋል። በድምፃዊው ጀርባ በኩል ሁለት የስፖንጅ ፍራሽ በማዕዘን ማቆም፣ በጎኑ ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን መክፈት፣ በኮርኒሱ ሥር ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ መወጠር በቂ ለውጥ ያመጣል። ለድምፅ ቀረጻ እንዲህ የታፈነ ቦታ ይስማማል፤ ለቫዮሊን ግን ከመጠን በላይ የታፈነ ቦታ መሣሪያውን ደረቅና ሻካራ ስለሚያደርገው፣ ለእርሱ ብርድ ልብሱን ከላይ አንሥቶ ፍራሾቹን ብቻ መተው ይገባል። ፍሪጁ ይጥፋ፣ የግድግዳ ሰዓቱ ከክፍሉ ይውጣ፣ ስልኩም ከኔትወርክ ይቋረጥ፤ ጥሪ ሊገባ ሲል የሚፈጥረው የሚንጫጫ ድምፅ የተቀረጸውን ያበላሻልና።

ስለ መብራትም ልናገር። ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ሁለት ጥቅም አለው። መብራት ድንገት ቢጠፋ ቀረጻው አይቋረጥም፤ የመሬት ሽቦው በትክክል ያልተገናኘለት ሶኬት የሚያመጣው የማያቋርጥ እምምታም ይጠፋል። በመጀመሪያው ሙከራዬ ሁለት ሌሊት ሙሉ የማይክሮፎን ገመድ ስለዋውጥ ቆይቼ፣ ቻርጀሩን በነቀልሁ ቅጽበት ጸጥ ብሏል።

መሣሪያውም ወቅቱን ያውቃል። በበጋ ደረቅ አየር የቫዮሊኑ መቃኛ እንጨቶች ስለሚኮማተሩ እየተንሸራተቱ ክሩን ያላሉታል፤ በክረምት ደግሞ አብጠው ይጣበቃሉ። ቫዮሊኑ ከከሰል ምድጃና ከመስኮት ፀሐይ ይራቅ። ሌሊቱ በኅዳርና በታኅሣሥ ስለሚበርድ ከመቅረጽ ግማሽ ሰዓት በፊት ከሣጥኑ አውጥቶ የክፍሉን ሙቀት እንዲለምድ ማድረግ፣ በየዘፈኑ መካከልም ላ ክሩን በሴኮንድ 440 ርግብግቢት ላይ መሆኑን መልሶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አዲስ ክር በቀረጻው ቀን አይደረግም፤ እየተሳበ ከቅኝት ስለሚወጣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ መታሰር አለበት።

ቀረጻው

እየተጫወቱ መዝፈንና ለየብቻ መቅረጽ የየራሳቸው ዋጋ አላቸው። መሰንቆ ተጫዋች መሣሪያውን ዝቅ አድርጎ ስለሚይዝ ፊቱ ነፃ ነው፤ ቫዮሊን ግን በአገጭና በትከሻ መካከል ስለሚያዝ መንጋጋን ይይዛል፣ አፍም እንደ ልብ አይከፈትም። ዘፈኑ ከፍ ያለ ድምፅ የሚጠይቅ ከሆነ ለየብቻ ይቅረጹ። ዝቅ ብሎ እንደ ወሬ የሚዜም ከሆነ ቫዮሊኑን ከአገጭዎ አውርደው ደረትዎ ላይ አስደግፈው አንድ ላይ መቅረጽ ይችላሉ፤ የሁለቱ ትንፋሽ አንድ መሆኑ ለየብቻ በመቅረጽ አይገኝም። በአልበሜ ውስጥ እንዲህ የተቀረጹት ሁለት ዘፈኖች ብቻ ናቸው፣ ከሁሉም የምወዳቸውም እነርሱን ነው።

ለየብቻ ሲቀረጽ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል። መጀመሪያ ክሩን በጣት እየመቱና እየዘፈኑ መሪ የሚሆን ቀረጻ ይውሰዱ፤ ይህ በመጨረሻ የሚጠፋ ነው። በእርሱ ላይ ዋናውን ድምፅ ይቅረጹ፣ ከዚያ በኋላ ቫዮሊኑን። ቫዮሊኑ ቀድሞ ከተቀረጸ ድምፃዊው የደጋኑ ተከታይ ይሆናል፤ ድምፁ ሲቀድም ግን ቫዮሊኑ የትንፋሹን ቦታ እየሰማ ይመልሳል። ለትዝታና ለመሰል ዘገምተኛ ዜማዎች የሜትሮኖም (ፍጥነት ጠባቂ መሣሪያ) ምት አያስፈልግም፤ ለጭክጭካ ግን ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ሁለተኛው ቀረጻ ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም።

የድምፅ ማይክሮፎኑ ከአፍ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ትንፋሽ የሚያግድ መረብ ከፊቱ ተደርጎ ይቀመጥ። የቫዮሊኑ ግን ራቅ ማለት አለበት፤ ከመሣሪያው በላይ ከ80 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ሆኖ፣ ወደ ጣት ሰሌዳው ጫፍ ዘንበል ብሎ ቢያይ የደጋኑ ፍትጊያ ይቀንሳል። ቀርቦ የተቀረጸ ቫዮሊን ደጋኑ የሚቀባውን የሮዚን ሙጫ ብናኝ ሳይቀር የሚያሰማ ይመስላል። ፋይሉ በ24 ቢትና በ48 ኪሎ ኸርትዝ፣ ባልተጨመቀው የዌቭ ዓይነት ይቀረጽ፤ ከፍተኛው ድምፅ ሲመጣ መለኪያው ከዜሮ በታች ከ6 እስከ 12 ዴሲቤል ላይ እንዲቆም ቢደረግ፣ ድንገት ስሜት ሲያይል የሚፈነዳ ድምፅ አይኖርም።

በአንድ ሌሊት ከሁለት ዘፈን በላይ አይሞክሩ። በጣም የተጣራውን ሳይሆን ቃሉ የታመነበትን ቀረጻ ይምረጡ። በፒያኗቸው የምናውቃቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ቫዮሊን የተማሩ ሲሆን፣ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ በሚገኘው የቤተሰባቸው ቤት ከፒያኖ ጋር እያዜሙ በካሴት የቀረጹት ሥራ ከዕረፍታቸው በኋላ በ2016 ዓ.ም. ወጥቶ፣ በውስጡ የወፎች ድምፅ ሳይቀር ይሰማል። ከሩቅ የተሰማ አንድ የውሻ ጩኸት ጥሩ ቀረጻን ለመጣል ምክንያት አይሆንም።

ከቀረጻ በኋላ

ሚክሲንጉን፣ ማለትም የተቀረጹትን ድምፆች አመጣጥኖ ማዋሐዱን፣ ለሌላ ባለሙያ መስጠት ከቻሉ ይስጡ፤ በራሱ ድምፅ ላይ የሚፈርድ ሰው ወይ ይጨክናል ወይ ያደላል። ሲሰጡ ግን ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፣ እያንዳንዱ ድምፅ ለየብቻ የተቀረጸበት ፋይልም በእጅዎ ይቆይ። ከዓመታት በፊት አንድ ስቱዲዮ አራት ዘፈኖቼን ቀርጾ የተጨመቀ ኤምፒስሪ ብቻ አስረከበኝ፤ ለየብቻ ያሉትን ፋይሎች ስጠይቅ ሃርድ ዲስኩ መበላሸቱ ተነገረኝ፣ አራቱ ዘፈኖችም ዳግመኛ ሊስተካከሉ አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ በየሌሊቱ መጨረሻ ሁለት ቅጂ እይዛለሁ፣ አንዱንም ሌላ ሰው ቤት አስቀምጣለሁ።

ሁለቱ ድምፆች የሚጋጩበት ቦታ በሚክሲንግ ጊዜ ከተሰማ ቫዮሊኑን ዝቅ ከማድረግ ይልቅ እዚያ ቦታ ላይ ያለውን ሐረግ መቁረጥ ይሻላል። የተሠራውን በጥሩ ስፒከር ከሰሙ በኋላ በተራ ስልክም ይስሙት፤ አብዛኛው አድማጭ የሚሰማው በስልክ ነው፣ በስልክ ደግሞ የሶል ክር ዝቅተኛ ድምፆች ስለሚሳሱ ከሥር የሚደግፈው ቫዮሊን ጨርሶ የጠፋ ሊመስል ይችላል። በማስተሪንግ፣ ማለትም በመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ ጊዜ፣ የድምፁን መጠን ከሌሎች አልበሞች ጋር ለማፎካከር ማስጮህ አያስፈልግም፤ ዋና ዋናዎቹ የማሰራጫ መድረኮች ድምፁን ራሳቸው ያመጣጥኑታል።

መብትን በሚመለከት፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራው ጥበቃ የሚያገኘው በመመዝገቡ ሳይሆን በመፈጠሩና በመቀረጹ ሲሆን፣ የኢኮኖሚ መብቱም በደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ቢሆንም በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ክርክር ሲነሣ ማስረጃ ይሆናል። ግጥም የሰጠዎት ወዳጅ ካለ፣ ወዳጅነቱ ሳይደፈርስ በፊት ድርሻው በወረቀት ይስፈር። ቅኝት የማንም የግል ሀብት አይደለም፤ በቅኝቱ ላይ ያወጡት ዜማ ግን የእርስዎ ነው።

ስምዎንና የዘፈኖቹን ርእስ በላቲን ፊደል ሲጽፉ በሁሉም መድረክ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ይጠቀሙ፣ አለበለዚያ ሥራዎ በሁለት ሰው ስም ተከፍሎ ይቀመጣል። የመውጫ ጊዜውን በተመለከተ እንቁጣጣሽና ፋሲካ በትላልቅ አልበሞች ይጨናነቃሉ፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ደግሞ ብዙ ሰው ዘፈን ከመስማት ይቆጠባል። ለዚህ ዓይነት ጸጥ ያለ ሥራ ከፋሲካ ሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ፣ ግርግሩ ሲበርድና ክረምቱ ሳይገባ ያለው ጊዜ ይስማማዋል። ያንኑ ሰሞን ግቢዎ ውስጥ ለጎረቤቶችዎ ያለ ማጉያ አንድ ጊዜ ይጫወቱት፤ ሌሊቱን በትዕግሥት ያሳለፉት እነርሱ ናቸውና፣ ቀድመው የሚሰሙትም እነርሱ ቢሆኑ ይገባቸዋል።